ቀፎ በቀን አይነሳም

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ከሃያ ይላል፤ እኔ አሥራ ሁለት ከሃያ ብዬ አነበዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ኦውሉ ኖሬም ሰዓት የምቆጥረው እንደ ቦንጋ ነው። አልተኛሁም። መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ለዚህ አገር በጋ ተብሎ የተሠራ፣ ግን በግራና በቀኙ ብርሃን ያስገባል፤ ፀሐይዋም ወርዳ የቆየችው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ፊንላንድ በበጋ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ትገፋለች፣ ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የዚህ ከተማና የቦንጋ ሰዓት አንድ ነው፤ እዚያ ምሳ ሲሆን እዚህም ምሳ ነው። በብርዱ ወራት የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ፣ እሷንም ቢሆን «ተኝታችሁ ይሆናል ብዬ ነው» ለማለት ተጠቅሜባታለሁ። አሁን እሷም የለችም። እትዬ በዛወርቅ ትናንት አመሻሽ የላከችው መልእክት አልጋው ጠርዝ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ አለ፣ ሳልከፍተው በቃሌ አውቀዋለሁ። «ነገ ሰኔ ሠላሳ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ላይ ጫካ ይገባል። የጋሽ ሣህሌን ቀፎዎች አውርዶ ፋይላችንን ይጨርሳል። ስልክህን እንዳታጠፋ፣ ጥያቄ ካለ እደውላለሁ።» በዛወርቅ ታላቅ እህቴ ናት፣ ቦንጋ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ነገርን በቁጥርና በሰዓት ነው የምትናገረው። እኔም እንደዚያው ነኝ። አባታችን «ልጅ አይደለም የወለድኩት፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ነው» ይል ነበር። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀራል።

ሐቁን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ እንቅልፍ እንቢ ሲል የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን፣ እሱ ይቀላል። የያዝኩት የፕሮግራም ስህተት ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ድርጅቱ ሰርቨር ያከራያል። በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ሁሉን የሚያዝ ዋና ፕሮግራም አለ፣ ከርነል ይባላል፤ እሱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል። ለዚያች ቀን ተብሎ ከሜሞሪው ጥግ ትንሽ ቦታ ተከልላ፣ እዚያ ውስጥ ሁለተኛ፣ ትንሽ ከርነል ተቀምጦ ይጠብቃል። ዋናው ሲሞት ይህ ይነሳል። ሥራው አንድ ነው፦ ሟቹ በመጨረሻዋ ቅጽበት በሜሞሪው የያዘውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማኖር፣ ምን እንደገደለው በኋላ ሰው እንዲያነበው። አስከሬን መርማሪ ነው። የኛ መርማሪ ግን ገና ሥራ ሳይጀምር ራሱ ይወድቃል። ምክንያቱን ያገኘሁት በስድስተኛው ቀን ነው። በማሽኑ ውስጥ ካርታ አለ፤ የዲስኩ ካርድ እዚህ ይጻፍ፣ የኔትወርኩ ካርድ እዚያ ይጻፍ እያለ ለእያንዳንዱ በሜሞሪው ውስጥ ቦታውን የሚያሳይ። ካርታውን ያወጣው ዋናው ከርነል ነው። እሱ መሞቱን ካርዶቹ አያውቁም፣ ማንም አልነገራቸውም፤ የያዙትን ይዘው ወደ ታዘዙበት ቦታ መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛው ከርነል ደግሞ እንደተነሳ አሮጌውን ካርታ ጠርጎ በባዶ ይጀምራል። ንጹሕ አሠራር ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካርዱ ይመጣል፣ ቦታው የለም፣ ስህተት ይመዘገባል፤ እንደገና ይመጣል፣ የለም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ አርባ ሺህ ስህተት ቆጥሬያለሁ። ከዚያ የዲስኩ ካርድ ይደነዝዛል፣ ቢጠሩት አይመልስም፣ መርማሪው የሚጽፍበት ያጣል፣ የሟቹ ቃል ከሟቹ ጋር ይቀራል። አለቃዬ ያርኮ ዓርብ ዕለት ከኋላዬ ቆሞ አየና «ካርዶቹን ቀድመን ዝም ብናሰኛቸውስ?» አለ። ሞክሬዋለሁ። ዝም በሉ ለማለትም የሚሰሙት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሰሙት ሞቷል።

ካርታ ሌላም ሠርቻለሁ። አባቴ ገብረ ሥላሴ ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ሃያ ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ ኮቦ ነበረው። ኮቦ ማለት ቀፎ ለመስቀል የአንድ ቤተሰብ ድርሻ የሆነ ጫካ ነው። አጥር የለውም፤ ወሰኑ በሰው አፍ ነው ያለው፣ ከዚህ የቀረሮ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ እስከ ወንዙ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ቀብሩን በስልክ ነው ያየሁት፣ በዛወርቅ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፤ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው ሲመለስ አፈሩ ሞልቶ ሰው ጃንጥላውን እያነሳ ሲበተን ነበር። ዘንድሮ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ኮቦዎቹን ሁሉ በካርታ መመዝገብ ጀመረ። በዛወርቅ የሳተላይት ፎቶ ላከችልኝ፤ «ከአባባ ጋር የዞርከው አንተ ነህ፣ መስመሩን አስምርልን» አለች። አሰመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ወንዙን ወሰን አደረግሁ፣ ማዕዘኖቹን በቁጥር አስቀመጥኩ፣ ላክሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ «ከመጣልን ሁሉ ንጹሑ» ብላ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ እንደለጠፈችው ሰማሁ፣ ደስ አለኝም። ቅጹ ለአንድ ቦታ አንድ ስም ነው የሚቀበለው፤ የአባታችንን አውጥቼ የበዛወርቅን አስገባሁ። በመስመሩ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ትልቁ ቀረሮ አለ፤ ቀረሮው ላይ የጋሽ ሣህሌ ሰባት ቀፎዎች አሉ። ጋሽ ሣህሌ የአባቴ የጫካ ባልንጀራ ናቸው። ቀፎዎቹ ሠላሳ ዓመት እዚያ የተሰቀሉት በአባቴ ቃል ነው፤ ቃል የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ በተመዘገበ ኮቦ ላይ የሌላ ሰው ቀፎ አይሰቀልም ይላል። ረስቼው አይደለም። ሳሰምር ዛፉን አይቼዋለሁ፣ ከላይ ሲታይ ከጎረቤቶቹ ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ክብ ነው፣ ጣቴን ወስጄ አስፍቼም አይቼዋለሁ። ለማስረዳት መደወል ነበረብኝ፣ በዛወርቅ ጋ፣ ከዚያ ጸሐፊዋ ጋ፣ ምናልባት እሳቸው ጋ። ዕለቱ እሑድ ነበር። አልደወልኩም።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቻለሁ፣ ገመድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ዛፍ ሥር ቆሜያለሁ። ጠዋት ነው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ጨርሷል፣ ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል። አንዱ የአባቴ ቀፎ የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ተሰንጥቋል፣ ወደ ሌላ ዛፍ መዛወር አለበት፣ እኔም ከሙቀቱ በፊት ልጨርሰው ብያለሁ። ጋሽ ሣህሌ ከወንዙ በኩል ብቅ ይላሉ፣ አጭር ሰው ናቸው፣ ጎማ ጫማቸው ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነው፣ እኔን ሳይሆን አባቴን ያናግራሉ።

«ገብሬ፣ ይኼ ልጅ ምን ሊሠራ ነው?»

«ቀፎ ሊያወርድ።»

«በቀን?»

«ዩኒቨርሲቲ ነው እኮ የሚማረው» ይላል አባቴ፣ ፈገግታውን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ።

«እዚያ ንብ በማታ ነው የሚሠራው?»

ገመዱን አወርዳለሁ፤ ተናድጃለሁ፣ ጆሮዬ ይግላል። ጋሽ ሣህሌ ዛፉን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ አማርኛቸው ቀስ ይላል፣ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጡት። «ወጥቷል እኮ። ግማሽ ቤተሰብ ሥራ ሄዷል። አንተ ቤቱን ወሰድክ፤ ለነሱ ማን ነገራቸው? ጭነው ይመጣሉ፣ ቤት የለም። ቅርንጫፍ ላይ ይሰፍራሉ፣ ይጠብቃሉ። ከሰዓት ዝናብ ይመጣል። በቃ። ቀፎ በቀን አይነሳም።» እስኪመሽ እንቀመጣለን። ከመሸ በኋላ እንኳ ቀፎው ከተነሳ ወዲያ ከኋላቸው ሌላ ቀፎ ያወጣሉ፣ ባዶ፣ አሮጌ፣ ሰም የሚሸት፣ እሱን አሮጌው ቦታ ላይ ያስሰቅሉኛል። ለምን እላለሁ። «ነገም ወደዚህ የሚመጣ አለ፣ መንገዱን እንደለመደ። ቦታው ባዶ አይሁን። አንተ እየመጣህ ወደ አዲሱ ትወስዳቸዋለህ። አንድም መምጣት ሲያቆም፣ ያኔ ባዶውን አውርድ። ቀድመህ አይደለም።» አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ ቆጥሬያለሁ፣ ያኔም እቆጥር ነበር።

ተነስቻለሁ። መቼ እንደተነሳሁ አላወቅሁም፣ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ እግሬ ባዶ ነው፣ ሰዓቱ አንድ ከአሥር ነው። ካሁን ወዲያ ሁለተኛው ከርነል ሲነሳ ካርታውን አይጠርግም። መጀመሪያ ካርታው ሥራ ላይ መሆኑን ይመለከታል፤ ከሆነ ወደ ራሱ ይገለብጠዋል፣ እንዳለ። ካርዶቹ የያዙትን ይዘው ይምጡ፣ ቦታቸው አለ። ከዚያ እያንዳንዱ ካርድ በተራው በራሱ አስነሺ ፕሮግራም ተጠርቶ፣ የያዘውን አራግፎ፣ ከአዲሱ ጋር ከተዋወቀ በኋላ፣ ያኔ ብቻ የእሱ አሮጌ መስመር ይሰረዛል። ጻፍኩት። ሙከራ ማለት ማሽኑን ሆን ብሎ መግደል ነው፤ ገደልኩት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስህተት። ከአርባ ሺህ ይሻላል፣ ግን አልዳነም። ምዝገባውን አነበብኩ፦ የገለበጥኩትን የሟቹን ቦታ መልሼ ለአዲስ ሰጥቻለሁ፣ ሁለት ባለቤት አንድ ቦታ ላይ ተጋጭተዋል። የሟቹ ቦታዎች እስኪለቀቁ ለማንም እንዳይሰጡ ከለከልኩ። እንደገና ገደልኩት። አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ አራት ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ መስኮቱ ላይ ቆምኩ፣ ብስክሌት የምትነዳ ሴት አለፈች። ዜሮ። ስህተት የለም፣ የሟቹ ሜሞሪ ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ምን እንደገደለውም ሦስተኛው ገጽ ላይ ይነበባል።

ለውጥ ሲላክ ከሥሩ ማብራሪያ ይጻፋል፤ ይህ ሥርዓት ነው፣ ማንም አይዘልለውም። በማብራሪያው ግርጌ ስም ይሰፍራል፣ አንድ ስም ብቻ አይደለም፦ የጻፈው፣ የመረመረው፣ የሞከረው፤ ሐሳቡን ያመጣው ሌላ ሰው ከሆነም ለእሱ የተለየ መስመር አለ። የእኔን ጻፍኩ። ሐሳቡን ያመጣው የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ ሣህሌ ብሎ ጻፈ፣ የአባታቸውን ስም ለመጨመር አሰብኩ፣ አላውቀውም። ሠላሳ ዓመት ቀፏቸው ከእኛ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የአባታቸውን ስም አላውቅም። ሰዓቱን አየሁ። ሁለት ከሃያ አምስት።

ከወንዙ አጠገብ ኔትወርክ የለም፤ ከመንገዱ ወደ ውስጥ አምስት ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ የሚደውል ሰው ያለው ምርጫ እስከ ማታ መጠበቅ ብቻ ነው። ደወልኩ። አልተነሳም። ደወልኩ። ያቺ የቴሌ ሴት የጠሩት ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም አለች፣ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። በሦስተኛው ተነሳ።

«ምነው፣ ሞትክ ወይ?» አለች በዛወርቅ። ሰላምታዋ ነው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ከባጃጅ ወርደን ጭቃ እያቦካን። ደግነቱ ፀሐይ ወጥቷል።»

ፀሐይ ከወጣ ንቦቹ ወጥተዋል። «እትዬ፣ ቀፎዎቹን እንዳያወርዱ። ካርታው ስህተት ነው።»

«ምኑ?»

«ቀረሮው የጋሽ ሣህሌ ነው። አባባ በቃሉ የሰጣቸው ነው። ከመስመሩ ማውጣት ነበረብኝ።»

እርምጃዋ ቆመ፤ የጭቃው ድምፅ መቋረጡን ሰማሁ። «ሰብሃት፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሰኔ ሠላሳ።»

«እንኳን አወቅክ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ይዘጋል። ይኼ ፋይል ተሰረዘ ማለት ኮቦው ባለቤት የለውም ማለት ነው፣ ለማኅበሩ ይገባል። አራት ወር ከክፍል ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ክፍል ስመላለስ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚህ።»

«እዚህ ይላል!» ለሌላ ሰው የምትነግር ይመስል። ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ተማሪ ስታናዝዝ እንዲህ እንደምትሆን አውቃለሁ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስታሰምር ዛፉን አይተኸዋል?»

እዚህ ላይ ከላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ደመና ነበረ ማለት ይቻላል። የሳተላይት ፎቶ ራሷ ማንበብ አታውቅም፣ እኔን ነው የምታምነው።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔም አባባ ሲያነሳው ሰምቼ ነበር» አለች፣ «አንተ ካሰመርከው ብዬ ተውኩት። በል፣ ለጸሐፊዋ በአፍህ ንገራት። እኔ ለአንተ ስህተት ምላስ አላበድርም።» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ወፍ ሰማሁ፣ ሰው ሲያስል ሰማሁ።

«ኢንጂነር!» አለች ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ። «ካርታህን ሰቅለን እየኮራንበት! ምን ተፈጠረ?»

ነገርኳት። ያሰመርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ዛፉን እንዳየሁት፣ ቃሉን እንደማውቅ። ስጨርስ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይሰማኝ ነበር፣ ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቷል ማለት ነው። «በሰኔ ሠላሳ?» አለች። «ሰው ስህተቱን በግንቦት አያውቅም?» የሆነ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ በዚያ ቀስ በሚል አማርኛ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ፣ «የገብረ ሥላሴ ልጅ፣ የውጭው» አሏቸው፣ «ስጪኝ» አሉ። ስልኩ ክፍት ቢሆንም ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ ትንፋሻቸው ነው የምሰማው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ሣህሌ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ ይቆይ። በቀን መጡ፣ አየህ? ነገርኳቸው። የቢሮ ሰዓት ነው አሉ። ባዶ ቀፎ ተሸክሜ መጣሁ። ካወረዱ ቦታው ላይ ልሰቅል። እሱም በደንቡ አይፈቀድም አሉ።»

አንድ ቀፎ ተሸክመው ከቤታቸው እስከ መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማስላት ጀመርኩ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ቀፎዎቹ ሰባት ናቸው፣ ይዘው የመጡት አንድ ነው፣ ከአንድ በላይ መሸከም ስለማይችሉ ነው። ከዚያ ማዶ ኮሚቴው መከራከር ጀመረ፣ በካፊኖኖ፣ በአማርኛ፣ መልሶ በካፊኖኖ፤ አንዱ ደንብ ደንብ ነው ይላል፣ አንዱ ገብረ ሥላሴ እንደሰጠው እኔም ሰምቻለሁ ይላል፣ ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋህ ይሉታል፣ የጠየቀኝ የለም ይላል። ሁለት ከአርባ አምስት። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተመለሰች፤ አሁን ኢንጂነር አላለችኝም።

«ስማ። አዲሱ ቅጽ ሁለት ስም አይቀበልም። ዛሬ ብሰርዘው ለማኅበሩ ይገባል። ያለው አንድ መንገድ ነው፦ አዲሱን እተወዋለሁ፣ አሮጌው መዝገብ ባለበት ይቀጥላል፣ በአባትህ ስም። በሟች ስም እስከ መስከረም ሠላሳ ማቆየት እችላለሁ። እስከዚያ ቀፎም አይወርድም። ከዚያ በፊት ግን ባለድርሻዎቹና ቃሉን የሰማው ሰው ዛፉ ሥር ቆመው፣ ተናግረው፣ ይፈርማሉ። እህትህ፣ ጋሽ ሣህሌ፣ አንተ። በአካል። በስልክ ምስክር የለም። ካልመጣህ ኮቦውም ቀፎዎቹም የማኅበሩ ናቸው፣ የማንም አይደሉም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ቀን ስጠኝ። ልጻፈው።»

ዘጠኝ ዓመት ቀን ሰጥቼ አላውቅም። ሲመቸኝ ብያለሁ፣ ሥራው ቀለል ሲል ብያለሁ፣ ለፋሲካ ካልሆነ ለመስቀል ብያለሁ፣ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ሐቁ ይህ ነው፦ ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ቋሚ ነው። የተጠራቀመ ሠላሳ ሁለት ቀን ዕረፍት አለኝ። ለአባቴ ቀብር ያልሄድኩት ሥራ ይዞኝ ነው ብያለሁ፣ ለበዛወርቅም ለራሴም፤ በኋላ የዚያን ሳምንት መዝገብ ከፍቼ አይቻለሁ፣ የሠራሁት ሥራ ሌላ ወር ድረስ ሊቆይ የሚችል ነበር። ያልሄድኩት ከሞተ በኋላ ሄጄ ቤቱን ያለ እሱ ላለማየት ነው። ካላየሁት ባለበት ይቆያል ብዬ። ጋሽ ሣህሌ ግን በየሳምንቱ ወደዚያ ዛፍ ሲመላለሱ ነበር፤ አባቴ እዚያ እንደሌለ እያወቁ።

«መስከረም አሥራ ሁለት» አልኩ።

«መስከረም አሥራ ሁለት» አለች ጸሐፊዋ፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ፣ ሰው ሁሉ ብዕሯን እያየ ይመስለኛል። ያኔ ነው ከኋላ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ የበዛወርቅ ድምፅ የመጣው፣ ንዴትም ሳቅም የሌለበት።

«በእርሳስ ጻፊው።»

ልክ ናት። እስከዛሬ ያለው ማስረጃ የሚለው ይህንኑ ነው።